ዳርቻው ውኃ በሆነበት ምድር
የጣና ደሴቶች፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድና የነዋሪዎች ምክክር

መሬት ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚሣለው ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ ሜዳ ነው። እዚህ ቢጠብ እዚያ ይሰፋል፣ ይህ ማሳ ቢደክም ሌላው ይታረሳል፣ ይህ መንደር ቢሞላ ከወንዙ ማዶ አዲስ መንደር ይቆረቆራል የሚል ግምት ሳናውቀው በውስጣችን አለ። ይህ ግምት ፈጽሞ የማይሠራበት የምድር ክፍል ግን አለ፤ እርሱም ደሴት ነው። በደሴት ላይ የሚሠራ ስሕተት ወደ ጎን ተገፍቶ አይሄድም፤ በሠሪው ደጃፍ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ምን እንደ ሆነ፣ በደሴት ላይ ሲሆን ለምን እንደሚከብድ፣ እንዲሁም የጣና ሐይቅ ደሴቶች ስለ ዕቅድና ስለ ነዋሪዎች ምክክር ምን እንደሚያስተምሩን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንደርስበትን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ለመጠቆም ያህል፣ ነዋሪን ማማከር ለጨዋነት ሲባል የሚፈጸም ሥርዓት አይደለም። ምክክር የሌለበት ዕቅድ መረጃ የጎደለው ዕቅድ ነው፤ መረጃ የጎደለው ዕቅድ ደግሞ የተሟላ ሳይንስ ነው ሊባል አይችልም።

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ምንድን ነው?

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ማለት በአጭር አነጋገር፣ የአንድን አካባቢ አፈር፣ ውኃ፣ ተዳፋት፣ ዕፅዋትና የሰው አሰፋፈር አጥንቶ የትኛው ቦታ ለየትኛው አገልግሎት ቢውል እንደሚሻል አስቀድሞ መወሰን ነው። የት ይታረስ? የት ይገጥ? የት ቤት ይሠራ? የትስ ሳይነካ ይቆይ? የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል። የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ የሚባለው ደግሞ ውሳኔው በውኃው፣ በአየሩና በብዝኃ ሕይወቱ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አስልቶ መከላከያውን አብሮ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለቱ ተለያይተው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ያፈርሳል።

የከተማ አንባቢያን ይህን ሥራ ከመኖሪያቸው አጠገብ ያውቁታል። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ 26 ሄክታር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ የነበሩ ያረጁ ቤቶች በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያና የንግድ ሕንፃዎች እንዲሠሩ የአካባቢ ልማት ዕቅድ ተዘጋጅቶ ተግባራዊ ሆኗል። ልደታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የከተማ ዕቅድ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ሠፈር በመሆኑ፣ ትምህርቱና ተግባሩ ጎን ለጎን የሚታዩበት ቦታ ነው ለማለት ይቻላል።

በእንዲህ ዓይነቱ የከተማ ማደስ ሥራ በካርታ ላይ የሚታየው የቤት ብዛት፣ የመንገድ ስፋትና የሕንፃ ከፍታ ነው። በካርታ ላይ የማይታየው ደግሞ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ በደጃፍ ላይ የሚቸረቸረው ጉልትና ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት ነው። ነዋሪው ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወር ቤቱ በቤት ሊተካለት ይችላል፤ እነዚህን ግን ዕቅዱ አልቆጠራቸውምና የሚተካቸው የለም። እነርሱን የሚያውቃቸው ነዋሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ምክክር የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ደረጃ ካርታው የማያሳየውን ለማወቅ ነው።

ያም ሆኖ ከተማ አንድ መውጫ አላት። ከመሐል የተነሣ ሰው ወደ ዳርቻ ይሄዳል፤ ዕቅዱ ቢሳሳት እንኳ የስሕተቱ ሸክም በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በደሴት ግን ዳርቻው ውኃ ነው።

ደሴት ለምን ይለያል?

ደሴት በሥነ ምህዳር ጥናት ልዩ ስፍራ ያለው ወሰኑ ግልጽ ስለ ሆነ ነው። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1963፣ በኋላም በ1967 በመጽሐፍ መልክ ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩ ዝርያዎች ብዛት በሁለት ኃይሎች ሚዛን እንደሚወሰን አስረድተዋል። አንደኛው ከውጭ የሚመጡ አዲስ ዝርያዎች ፍጥነት ነው፤ ደሴቱ ከዋናው ምድር በራቀ መጠን ይህ ይቀንሳል። ሁለተኛው በደሴቱ ላይ ያሉት የሚጠፉበት ፍጥነት ነው፤ ደሴቱ ባነሰ መጠን ይህ ይጨምራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ስሌት አለ። የዝርያዎች ቁጥር ከቦታው ስፋት ጋር የሚያድገው በቀጥታ ሳይሆን በርቢ ሲሆን፣ ርቢው ለደሴቶች ብዙ ጊዜ ወደ 0.3 ይጠጋል። የ10 ርቢ 0.3 ደግሞ 2 ያህል ነው። ይህም ማለት በአንድ ደሴት ላይ ያለ ደን ወደ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ፣ ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ውሎ አድሮ ይጠፋሉ ማለት ነው። ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ የቀሩት ዝርያዎች ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዕዳው ተመዝግቧል።

ለሰውም እንዲሁ ነው። በደሴት ላይ የማገዶ እንጨት፣ የግጦሽ ሣር፣ የመጠጥ ውኃና የእርሻ አፈር ከአንድ ትንሽ ማሕደር የሚወጡ ናቸው። ከአንዱ የተወሰደው ከሌላው ይጎድላል። በዋናው ምድር ያለ ገበሬ እንጨት ቢያጣ አንድ ቀን ተጉዞ ያመጣል፤ የደሴት ነዋሪ ግን ጀልባ ያስፈልገዋል።

ጣናና ደሴቶቹ

ጣና በቅርብ የጂኦሎጂ ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የውኃውን መውጫ ዘግቶት የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከስፋቱ አንጻር ጥልቀቱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ክፍሉ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በውስጡ 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ሬማ መድኃኔ ዓለም፣ ናርጋ ሥላሴና ደብረ ማርያም ከታወቁት መካከል ናቸው። ብዙዎቹ የገዳማት መኖሪያ ሆነው ለመቶዎች ዓመታት ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚሰፋው ደቅ ሲሆን፣ ገበሬዎች በቋሚነት ሠፍረው የሚያርሱት ደሴት ነው። ከአጠገቡ በውኃ ብቻ ተለይታ የምትገኘው ትንሿ ዳጋ ደግሞ የመነኮሳት ደሴት ናት። አንድ ሰው በጀልባ በመካከላቸው ሲያልፍ በአንድ ወገን ማሳና መንደር፣ በሌላው ወገን ከውኃው አንሥቶ እስከ ተራራው ራስ የሚወጣ ደን ያያል። ዝናባቸው አንድ፣ ሐይቃቸው አንድ፣ ዐለታቸውም የአንድ እሳተ ገሞራ ዘመን ውጤት ነው። የሚለያያቸው በዋነኛነት የመሬቱ አጠቃቀም ደንብ ነው። ይህን ስንል ዳጋ ትክክል፣ ደቅ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ሰው ልጆቹን ሊያሳድግና ሊመገብ ይገባዋል። ነገር ግን ዕቅድ የመሬትን መልክ ምን ያህል እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አዳጋች ነው።

ሌላው ታላቅ ምሳሌ በደቡባዊ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ነው። በወግ እንደሚነገረው የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ምድሩን ባርከው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከበትራቸው በቀሉ፤ ነዋሪውም በሬ ጠምዶ ላያርስና ከብት ላያረባ ቃል ገባ። ታሪኩን እንደ ሃይማኖት ትውፊት መቀበል ወይም አለመቀበል የየግል ጉዳይ ነው። ሥነ ምህዳራዊ ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል፤ ማረስ ስለ ተከለከለ አፈሩ አልተገለበጠም፣ ከብት ስለሌለ ችግኝ አልተጋጠም፣ ቡናውም ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ቀርተዋል። ዘመናዊው የዕቅድ ባለሙያ «የጥምር ደን እርሻ» ብሎ የሚጠራው አሠራር በዘጌ ስሙ ሳይወጣለት ኖሯል ማለት ነው።

የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። በእርሻ መሬት ተከበው እንደ ደሴት የቀሩት እነዚህ ደኖች የችግኝ መተካት ችግር እንዳለባቸው፣ ለዚህም ከብት ወደ ደኑ መግባቱ አንዱ ዋና ምክንያት እንደ ሆነ ጥናቱ አሳይቷል። ከዚህም በመነሣት በየአጥቢያው ምእመናን በራሳቸው ጉልበት ዙሪያውን የድንጋይ ካብ መካብ ጀመሩ። ሳይንቲስቱ ችግሩን ለካ፤ ካቡን የካበው ግን ደኑ የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ ነው።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ደንብ ለዘላለም ራሱን ያስከብራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የባሕር ዳር ከተማ ስታድግ የማገዶና የግንባታ እንጨት ፍላጎትም አብሮ አድጓል፤ ከዘጌ በታንኳ እየተጫነ የሚሄደው እንጨትም የዚሁ አካል ሆኖ ቆይቷል። የቡና ገቢው ቤተሰቡን መደገፍ ሲያቅተው ዛፉ ይቆረጣል። ስለዚህ የልማድ ሕግ በዘመናዊ ዕቅድ መደገፍ አለበት፤ ዘመናዊ ዕቅድም በልማድ ሕግ ላይ ቢቆም ሥር ይኖረዋል።

ሦስቱ ቀጠናዎች

ይህን ሁለቱን የማጣመር ሙከራ በስፋት የምናየው በጣና ሐይቅ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ዩኔስኮ «ሰውና ባዮስፌር» የተሰኘውን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ዓላማውም ተፈጥሮን ሰውን አስወጥቶ ከመጠበቅ ይልቅ ሰው እየኖረበት የሚጠበቅበትን መንገድ መፈለግ ነው። በአገራችን ካፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። የጣና ሐይቅም በአማራ ክልል መንግሥትና ናቡ በተባለ የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ትብብር ዝግጅቱ ተካሂዶ በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

የቦታው ጠቅላላ ስፋት 695,885 ሄክታር ሲሆን በሦስት ቀጠናዎች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ዋናው ጥብቅ ቀጠና 22,841 ሄክታር ይሸፍናል፤ ይህም ከጠቅላላው 3 ከመቶ ያህል ነው። በዚህ ውስጥ ከምርምርና ከጥበቃ በቀር ሌላ ሥራ አይፈቀድም። ሁለተኛው ከለላ ቀጠና 187,567 ሄክታር፣ ማለትም 27 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ ጥብቁን የማይጎዳ መጠነኛ አጠቃቀም ይፈቀድበታል። ሦስተኛው የሽግግር ቀጠና 485,477 ሄክታር ወይም 70 ከመቶ ያህል ነው፤ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚነግድበት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች አንድ ቁም ነገር ይናገራሉ። ከመቶ 97 እጅ የሚሆነው ቦታ በሰው እጅ ነው። ሦስቱ እጅ የሚተርፈው ዘጠና ሰባቱ ከተስማማ ብቻ ነው። ዘበኛ ቀጥሮ ይህን ሁሉ ቦታ ማስጠበቅ የሚችል አገር የለም።

ምክክር እንዴት ይካሄዳል?

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጥበቃ ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሕዝቡ ሊመከርበት እንደሚገባ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናት ሰነድ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና ተጎጂ የሚሆነው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት አዝዟል። ጥያቄው ሕጉ አለ ወይ ሳይሆን፣ በተግባር ምክክር የምንለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሕዝብ ሰብስቦ ያለቀ ዕቅድ ማንበብና ማስጨብጨብ ምክክር አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው።

እውነተኛ ምክክር ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ ባለሙያውና ነዋሪው አብረው አካባቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይሻገራሉ። በየደረጃው አፈሩን፣ ሰብሉን፣ ምንጩንና የተበላሸውን ቦታ እያዩ ይመዘግባሉ። ሁለተኛ፣ ነዋሪዎቹ በራሳቸው እጅ፣ በመሬት ላይም ቢሆን በዱላና በድንጋይ፣ የአካባቢያቸውን ካርታ ይሥላሉ። ሦስተኛ፣ የወራት ሰሌዳ ይዘጋጃል፤ በየወሩ የት ምን እንደሚሠራና ውኃው የት እንደሚደርስ ይጻፍበታል። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ከሳተላይት ምስልና ከቦታ ጠቋሚ መሣሪያ ልኬት ጋር ይነጻጸራል። አምስተኛ፣ ረቂቁ ወደ ነዋሪው ይመለሳል፤ የተቀበሉት ሐሳብ የትኛው እንደ ሆነ፣ ያልተቀበሉት ለምን እንደ ቀረ ይነገራል። በመጨረሻም ስምምነቱ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል።

የሦስተኛውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የጣና ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአካባቢው ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በግንቦት የተነሣ የሳተላይት ምስል ይህን ቦታ ሜዳ ወይም ማሳ አድርጎ ያሳየናል። እረኛው ቢጠየቅ የከብት ማሰማሪያ ነው ይላል፤ ገበሬው የሽምብራ መዝሪያ ነው ይላል፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ውኃው ሲሞላ አምባዛ የሚራባበት ነው ይላል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ልዩነታቸው የወር ልዩነት ነው። አንዱን ብቻ ጠይቆ ካርታ የሠራ ባለሙያ የሁለቱን ኑሮ ከካርታው ፍቋል።

እንደዚሁም ከ15 የማያንሱ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በሐይቁ አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት እንደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላል ይጥላሉ። በዚያ ወቅት የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ዘሩን ከሥሩ መንቀል ነው። የትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ውኃው ምን መልክ ሲይዝ ዓሣው እንደሚወጣ ዓሣ አጥማጁ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም የሳተላይት ምስል ላይ አይገኝም።

ከስብሰባው የሚቀረው ማን ነው?

የምክክር ትልቁ ፈተና የተሰበሰበውን ሰው ማዳመጥ ሳይሆን ያልተሰበሰበውን ማሰብ ነው። ስለ መሬት የሚጠራ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ የይዞታ ማረጋገጫ ያለውን ሰው ይጠራል። በጣና ዳርቻ ለሚኖሩት ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ግን ኑሮው በዋነኛነት የቆመው በማሳ ላይ ሳይሆን በውኃውና በደንገሉ ላይ ነው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ሰሌንና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሠፋሉ። ረግረጉ ወደ እርሻ ቢለወጥ በመዝገብ ላይ ማንም መሬቱን አላጣም፤ በተግባር ግን አንድ ማኅበረሰብ መተዳደሪያውን አጥቷል። በተቃራኒውም ረግረጉ ጥብቅ ቀጠና ተብሎ ቢዘጋና ደንገል ማጨድ ቢከለከል ጉዳቱ በዚያው ሕዝብ ላይ ይወድቃል።

ሴቶችም በተመሳሳይ መልክ ይዘነጋሉ። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙትና ጓሮ የሚያለሙት በአብዛኛው እነርሱ ሲሆኑ፣ በወንዶች በተሞላ ስብሰባ ላይ ብዙዎቹ አይናገሩም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ለሴቶች፣ ለወጣቶች፣ ለአጥማጆችና ለመነኮሳት ለየብቻ መድረክ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም ውጤቶቹን በአንድ ጉባኤ ያገናኛሉ። ጊዜ የሚወስድ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ያልተጠየቀ ሰው ዕቅዱን በሌሊት ሲያፈርሰው ከሚጠፋው ጊዜ ያነሰ ነው።

የሁለት ደሴቶች ታሪክ

ይህ አባባል የስብከት ቃል እንዳይመስል በፊሊፒንስ የተደረገን አንድ ምርምር እንጥቀስ። የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሊቅ አንጄል አልካላ እ.ኤ.አ. በ1974 ሱሚሎን በተባለች ደሴት ዙሪያ ካለው የኮራል ዐለት አንዱን ክፍል ዓሣ እንዳይጠመድበት አስከለሉ። ዓሣው በዛ፤ ከክልሉ ውጭ የሚጠመደውም ጭምር ጨመረ። ይሁን እንጂ በደሴቲቱ ላይ ክልሉን የእኔ ነው የሚል ቋሚ ማኅበረሰብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጥበቃው ሲላላ አጥማጆች ገቡ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥም በደሴቲቱ ዙሪያ የሚገኘው ጠቅላላ ምርት ወደ ግማሽ ያህል ወረደ።

እዚያው አገር አፖ በተባለች ሌላ ትንሽ ደሴት ግን የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በመጀመሪያ ከነዋሪዎቹ ጋር ለዓመታት ተነጋገሩ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1982 መንደርተኞቹ ራሳቸው መርጠው ከዐለቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ዘጉ። ጥበቃውን የያዙት መንደርተኞቹ ናቸው፤ የአፖ ክልልም በዓለም የዓሣ ሀብት ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ የስኬት ምሳሌ ሆነ። በሁለቱ ደሴቶች ላይ ሳይንሱ አንድ ነበር፤ ሳይንቲስቶቹም አንድ ነበሩ። የተለየው ውሳኔው የማን እንደ ነበረ ነው።

ችግሩ ከማዶ ሲመጣ

የደሴት ነዋሪ የራሱን ምድር በሚገባ ቢያቅድ እንኳ የውኃው ጌታ አይደለም። የጣና ተፋሰስ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሐይቁን አምስት እጥፍ ይሆናል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከደጋው አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። በዚያ ተዳፋት ላይ የሚታረሰው ማሳ በዚህ ሐይቅ ወለል ላይ ደለል ይሆናል።

የውኃው ከፍታም እንዲሁ ነው። ከሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. በሁለት መዝጊያዎች ሥራ ጀምሮ በ1993 ዓ.ም. ወደ ሰባት አድጓል። ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ውኃ እየመጠነ ይለቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡም አንሶ የተለቀቀውም በዝቶ የሐይቁ ወለል እጅግ ወረደ፤ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው። በተለይ ሜዳማ በሆነው ምሥራቃዊ ዳርቻ የውኃ መውረድ ሰፊ መሬት ይገልጣል። በ1,000 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ዳርቻ ላይ ወለሉ 1 ሜትር ቢወርድ ውኃው 1 ኪሎ ሜትር ይሸሻል። የተገለጠው ረግረግ ይታረሳል፣ ደንገሉ ይጠፋል፣ ዓሣው መራቢያ ያጣል። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ውኃው በሌላ አቅጣጫም መከፈል ጀመረ። መብራት ያስፈልገናል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የመዝጊያው ከፍታ ሲወሰን ታንኳ ቀዛፊውም አስተያየት ሊሰጥበት የሚገባ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ መሆኑን መርሳት የለብንም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ የተረጋገጠው እምቦጭ አረምም የዚሁ ሰንሰለት አካል ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈስ ቆሻሻ ውኃ አረሙን ይመግቡታል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተካሄደውን ታላቅ ዘመቻ ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ዘመቻ አረምን ይነቅላል፤ ምግቡን የሚያስቀረው ግን የተፋሰሱ ዕቅድ ነው። ስለዚህ የደሴት ዕቅድ በሐይቁ ዳር አያበቃም፤ እስከ ደጋው ማሳና እስከ ከተማው የፍሳሽ ቦይ ይዘልቃል፤ በምክክሩ ወንበር ላይም የላይኛውና የታችኛው ነዋሪ አብረው ሊቀመጡ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ደሴት የዕቅድን ስሕተት የምትደብቅበት ቦታ የላትም። ስፋቷ የተወሰነ፣ ዝርያዎቿ በቀላሉ የሚጠፉ፣ ነዋሪዎቿም መሄጃ የሌላቸው ናቸው። በጣና ገዳማት፣ በዘጌም ሆነ በአፖ ለብዙ ዘመን የቆየው ጥበቃ ሰዎች የኛ ብለው የተቀበሉት ደንብ ያለበት ነው። በሱሚሎን የፈረሰው ደግሞ ሳይንሱ ትክክል ሆኖ ባለቤት ያጣው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የካርታ ባለሙያ፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ፣ የውኃ መሐንዲስ ወይም የከተማ ዕቅድ አውጪ የሚሆኑ ይኖራሉ። በልደታም ሆነ በደቅ ሥራችሁን ስትጀምሩ ከኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ይህ ቦታ በሌላው ወር ምን ይመስላል? በዚህ ቦታ የሚኖር፣ በመዝገብ ግን የሌለ ማን ነው? ዕቅዱ ቢሳሳት ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? እነዚህን የሚመልስላችሁ ነዋሪው ነው። ምድራችንም ራሷ ዳርቻዋ ሕዋ የሆነ አንዲት ደሴት ናትና፣ በደቅ ላይ የምንማረው ትምህርት ለሁላችንም የሚበቃ ነው እንላለን።